ሁለት ቀኝ እጅ

አክስቴ ጠቅላይ ናት። ሚኒስትር አይደለችም፣ መምሪያ የላትም፣ ከኋላዋ የሚከተላት መኪናም የለም። ስጦታ ትጠቀልላለች። በጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ውስጥ፣ ደረጃው ሥር፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አላት፤ ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ ቆማ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠቅልላለች፤ የሚጠቀልል ደግሞ ጠቅላይ ነው፤ በዚህ ላይ ሰዋስው የሚከራከረን ነገር የለም። አንድ ጊዜ ወረቀት ሊያስረክብ የመጣ ነጋዴ "ጠቅላይዋን ማነጋገር ፈልጌ ነበር" እያለ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ፣ የሥራ አስኪያጁን በር አልፎ፣ ተመልሶ ደረጃው ሥር አገኛት።

"ቢሮዎ እዚህ ነው እንዴ?" አላት።

"አዎ ልጄ" አለችው፤ "ለሕዝብ ቅርብ ልሁን ብዬ ነው።"

መሣሪያዋ ጥቂት ነው። አንድ መቀስ፣ አንድ የእንጨት ማስመሪያ፣ ወረቀቱን ስታጥፍ መስመር የምታሲዝበት የተሰበረ የማንኪያ እጀታ። ፕላስተር ጠረጴዛዋ ላይ አይደርስም። "ፕላስተር ለቁስል ነው" ትላለች። የእሷ ጥቅል የሚይዘው በእጥፋት ብቻ ነው፤ የመጨረሻዋ ማዕዘን ሦስት ጊዜ ታጥፋ ወደ ውስጥ ትገባና ጫፏ ብቻ እንደ ድመት ጆሮ ብቅ ትላለች። ያቺን ጆሮ ሳብ ሲያደርጓት ወረቀቱ ሳይቀደድ እንዳለ ይፈታል። እንዲህ የሚጠቀልል ሌላ ሰው አላየሁም። እኔም ሞክሬ ነበር፤ የወጣልኝ ግን ጥቅል ጎመን የሚመስል ነገር ነው።

ብርዱ ገብቶ የልደት በዓል ሲቃረብ ወረፋው በሩ ድረስ ይደርሳል። ያን ጊዜ አክስቴን ማየት ነው።

"ምን እንደሆነ እንዳይታወቅ አድርገሽ ጠቅልይልኝ፣ እትዬ" ይላታል አንዱ፣ መጥበሻ ይዞ።

"እጀታውን ምን ላድርገው?"

"ደብቂዋ።"

"እጀታ የተሠራው ሊያዝ ነው እንጂ ሊደበቅ አይደለም። ለማን ነው?"

"ለሚስቴ።"

"እሷ ፈልጋው ነው?"

"የድሮው ምግብ እየያዘ አስቸገረና…"

"ያስቸገረው ሁለታችሁንም ከሆነ የቤት ዕቃ ነው። እሱን በከረጢት ስጣት። ሂድና ለእሷ ብቻ የሚሆን ነገር ይዘህ ና፤ ያንን አሳምሬ እጠቀልልልሃለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ ቆሞ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። ሰውየው ሻርፕ ጨምሮ ሲገዛ ደግሞ ወዲያው ይፈካል።

"ስጦታ" የሚለውን ቃል ግን እንጀራዋ ሆኖም አትወደውም። የእሷ ቃል "እጅ መንሻ" ነው። ልጅ ሳለች በልደት ዋዜማ አባቷ የሰብአ ሰገልን ታሪክ ያነቡላቸው ነበር። እነዚያ ከምሥራቅ የመጡት ሰዎች ሣጥናቸውን ከፍተው ለሕፃኑ ያቀረቡት ነገር በንባቡ ውስጥ እጅ መንሻ ተብሏል። ትንሿ ጠቅላይ፣ ያኔ ገና ማዕረጉ ሳይኖራት፣ "እጅ መንሻ ምንድን ነው አባባ?" ብላ ጠየቀች። አባባ ገጹ እንዳይጠፋባቸው ፈርተው ቀና ሳይሉ "እጅ የሚነሳ ነዋ" አሏት።

ልጅቱ አሰበችበት። እንቅልፍ የሚነሳ ነገር እንቅልፍን ያሳጣል። ሰላም የሚነሳ ሰላምን ያሳጣል። ታዲያ እጅ የሚነሳ ነገር እጅን ማሳጣት አለበት። ሰጪው ሲሰጥ እጁ ይጠፋል፤ የማን እጅ እንደ ሰጠ አይታይም። ገባኝ አለች፣ ተኛች፣ አደገችበት።

ኋላ ላይ "እጅ መንሣት ማለት ጎንበስ ብሎ ማክበር ነው፤ እጅ መንሻም የአክብሮት ስጦታ ነው" ብለው ያረሟት ሰዎች አልጠፉም። አልተከራከረችም። "እሱም ያው ነው" አለች፤ "ጎንበስ ያለ ሰው ፊቱ አይታይም።"

ከዚያው ታሪክ የያዘችው ሌላም ነገር አለ። ሰዎቹ ሰጥተው ሲያበቁ በመጡበት አልተመለሱም፣ በሌላ መንገድ ሄዱ። ምክንያቱ አንድ ክፉ ንጉሥ እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። አክስቴ ግን ንጉሡን ትታ መንገዱን ያዘች። "ምስጋና ልትቀበል ያልቆመች እግር ናት" ትላለች። ስለዚህ በየዓመቱ በብርዱ ወር፣ ማንም አያስታውሰውም ብላ ለገመተችው ለአንድ ሰው፣ በእጇ አንድ ነገር ትሠራለች፤ ትጠቀልላለች፤ ካርዱ ላይ "እጅ መንሻ" ብላ ትጽፋለች፤ በሩ ላይ ወይም ወንበሩ ላይ አስቀምጣ በሌላ መንገድ ትመለሳለች። እኔ ያወቅኩት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ አጥራችን ላይ ቀሚሷ ተይዞ ተንጠልጥላ ስላገኘኋት ብቻ ነው።

"ካወራሽ" አለችኝ ከአጥሩ ላይ፣ "ለአንቺ ጊዜ የሚጠቀለለው መጥበሻ ነው።"

አላወራሁም። እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ እኔና እሷ ብቻ ነበርን የምናውቀው።

እኔ የምሠራው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ኮሚቴው ሁለት ሰዎችና እኔ ነን። ሰብሳቢው ክረምት ከበጋ ግራጫ ሻርፕ ከአንገታቸው የማይወርድ ትልቅ ሰው ናቸው። ኦዲተሯ ደግሞ ነጠላ ሰረዝ ስታጣ ራሷን የሚያማት ሴት ናት። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት በራችን ተንኳኳና ጋሼ አልቀበልም ገቡ።

ጋሼ አልቀበልም የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ከመሬት በታች ባለው ክፍል፣ ፀሐይ በማታውቀው ብርድ ውስጥ፣ የከተማውን መዝገብ ሁሉ ሲገልጡ ኖረዋል። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው። ሻይ ልጋብዝዎ ሲባሉ አልቀበልም። ዣንጥላ ልያዝልዎ ሲባሉ አልቀበልም። እንዲያውም አንድ በዓል "እንኳን አደረስዎ" ብላቸው "አልቀ…" ብለው ጀምረው፣ "እንኳን አብሮ አደረሰን" ብለው ጨረሱልኝ። ዓርብ ጡረታ ይወጣሉ። የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ያለ አንዳች ነቀፋ" የሚል የመሰናበቻ ደብዳቤ። ፍሬሙን ገዝተዋል። ግድግዳው ላይ ምስማሩን መትተዋል። ይህን ለመላው መሥሪያ ቤት ነግረዋል፤ ከሳቸው አፍ የወጣ ብቸኛው የግል ወሬ እሱ ነው።

እና ገቡ፤ የመዝገብ ሣጥን ክዳን እንደ ትሪ ይዘው። ክዳኑ ላይ አንድ ጥቅል አለ።

"ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት" አሉ። "አልነካሁትም። በማስመሪያ ነው የገፋሁት።"

ጥቅሉን አየሁት። ማዕዘኑ ላይ አንዲት የድመት ጆሮ ብቅ ብላለች። እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ።

ኦዲተሯ ካርዱን አነበበች። "እጅ መንሻ። ለብርድ።"

አክስቴ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልሰማችው፣ ወይም ሰምታ በአባቷ ንባብ ላይ እንዳይደርስ ጆሮዋ ያላስገባችው አንድ ነገር አለ፦ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ እጅ መንሻ ማለት ጉቦ ነው።

"ብርድ ማን ነው?" አሉ ሰብሳቢው። "ብርድ የሚባል ባለጉዳይ አለን?"

"ሰጪው ስሙን አልጻፈም" አለች ኦዲተሯ። "የዘበኛው መዝገብ ደግሞ ይኸውና፦ 'ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት አንዲት ሴት ጥቅል ይዛ ገባች፤ አልወጣችም።' መጸዳጃ ቤቶቹን ሁሉ ሲፈልግ ነው ያደረው።"

ጥቅሉ ተከፈተ። ከውስጡ ግራጫ የሱፍ ጓንት ወጣ፤ ገጽ ለመግለጥ እንዲያመች ጣቶቹ ጫፍ ላይ ክፍት ናቸው። ኦዲተሯ አንዱን አጠለቀች፣ ሌላውን አጠለቀች፣ አገላበጠች።

"ሁለቱም የቀኝ ናቸው" አለች።

ሰብሳቢው ረጅም ጊዜ አሰቡ። "መልእክት ነው" አሉ በመጨረሻ። "'ቀኝ እጄ ሁንልኝ' ማለት ነው።"

ጋሼ አልቀበልም ፊታቸው አመድ መሰለ። ደንቡ በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ ሰጪው ለኮሚቴው እስኪታወቅ መዝገቡ አይዘጋም፣ መዝገብ የተከፈተበት ሠራተኛ ደግሞ ያለ ነቀፋ አይሰናበትም። ሰብሳቢው ሊያጽናኗቸው "እርስዎኮ ራስዎ ነዎት ያመጡት" ቢሏቸው፣ "ደንብ ደንብ ነው" ብለው ወጡና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ ያ የሣጥን ክዳን አለ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ምሳዬን ትቼ ወደ መደብሩ ሮጥኩ። አክስቴ የአሻንጉሊት ባቡር እየጠቀለለች ነበር።

"እጅ መንሻ ብለሽ ጻፍሽ?" አልኳት።

መቀሷን አልተወችም። "ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ? ሁልጊዜ የምጽፈው ነው።"

"አክስቴ፣ ጉቦ ማለት እኮ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ።"

"ሰብአ ሰገል ጉቦ ሰጡ ነው የምትዪኝ?"

"ወርቅ ይዘው፣ በሌላ መንገድ ወጥተው… በእኛ ደንብ ይጠየቁበታል።"

ሳቀች። ጠረጴዛውን ደግፋ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የፍሬሙንና የምስማሩን ነገር ስነግራት ሳቋ ቆመ። ባቡሩን ወደ ጎን አደረገችው።

"መዝገብ ላስገለብጥ ሄጄ ነው ያየሁት" አለች። "አንድ ገጽ ይገልጥና ሁለቴ እጁን እፍ ይላል። አንድ ገጽ፣ ሁለቴ እፍ። የሚያስብለት ሰው ቢኖር ጓንት ይኖረው ነበር ብዬ።" መቀሷን አስቀመጠች። "ከተናገርኩ ይኸን ሁሉ ዓመት የጠፋው እጄ ባንድ ጊዜ ይመለስብኛል። አንዱን ካወቁ ሌላውን ያውቃሉ። 'አመሰግናለሁ' እያለ የሚሰለፈውን ደረጃ ሥር የት አደርገዋለሁ? ከዚያ በኋላስ ለማን ተደብቄ እሰጣለሁ? ብርድ የመታው ሁሉ በሩን ከፍቶ እኔን ነው የሚጠብቀው።"

ጠረጴዛዋ ላይ የወዳደቀውን ቁርጥራጭ ወረቀት መሰብሰብ ጀመርኩ።

"ምስማሩን በገዛ እጁ ነው የመታው?"

"በገዛ እጃቸው።"

ሽርጧን ፈታች። "እንሂድ" አለች። "በኋላ በር።"

የኋላው በር የሚያስገባው በሻይ ቤቱ ማድቤት በኩል ነው። ትናንትም የወጣችው በዚያ ነበር። ሻይ አፍይዋ "ዛሬ ደግሞ ገቢ ነሽ?" አለቻትና መንገድ ለቀቀች። ኮሪደሩን ሳንነካ፣ አግዳሚው ወንበር ሳያየን፣ በጎን በር ወደ ኮሚቴው ክፍል ገባን።

"ሰጪዋ እኔ ነኝ" አለች አክስቴ፣ ሳትቀመጥ።

ኦዲተሯ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች። "ምን ፈልገው ሰጡ?"

"እንዲሞቀው።"

"ማለቴ በምላሹ።"

"ልጄ፣ ጉቦ የሚሰጥ ሰው ከዓለም ሁሉ ይደበቅ ይሆናል እንጂ ከተቀባዩ አይደበቅም። ተቀባዩ ካላወቀው በምን ይጠቅመዋል? ኪሳራ ነው። እኔ ግን እንዲያውቀኝ አልፈልግም፤ አሁንም አልፈልግም።"

ኦዲተሯ አፏን ከፈተች፤ የምትጨምረው ሰረዝ ስታጣ ዘጋችው። ሰብሳቢው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጥሩ ተናግረዋል። ግን እርስዎ ለመሆንዎ ማስረጃው ምንድን ነው? ሰው ለሰው አዝኖ የራሱ ያልሆነውን ይሸከማል። እዚህ ክፍል ውስጥ አይቻለሁ።"

አክስቴ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋው ከዚያው ወረቀት ጫፉን ሳበች፤ የሰብሳቢውን የመነጽር ቤት ሳትጠይቅ አነሳች። የማንኪያ እጀታዋን ከኪሷ አወጣች። አንዴ አጠፈች፣ መስመር አስያዘች፣ ገለበጠች፣ ሦስት ጊዜ አጠፈች፣ ወደ ውስጥ ሸጎጠች። ጆሮዋ ብቅ አለች። የመነጽር ቤቱን ሰብሳቢው ፊት አስቀመጠችው።

ሰብሳቢው አላነሱትም። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ አንገታቸው፣ ወደዚያ ግራጫ ሻርፕ ሄደ።

"ባለቤቴ ባረፈችበት ዓመት ነው" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "በሬ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለኝ። ሳልቀድ ነው የከፈትኩት።"

"አይቀደድም" አለች አክስቴ። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ኦዲተሯን የሚያስጨንቃት ሌላ ነበር።

"ግን ለምንድን ነው ሁለቱም የቀኝ የሆኑት?"

አክስቴ ጓንቶቹን አነሳች። አየቻቸው። አገላበጠቻቸው። "ጥንዱን አንድ ላይ ያየ ሰው ለማን ነው ብሎ ይጠይቃል ብዬ አንዱን መደብር፣ አንዱን ቤት ነበር የምሠራው" አለች። "ሳላስተያያቸው ጠቀለልኳቸው ማለት ነው። ግራዬ ቀኜን እንዳያውቅ ስል ጭራሽ ግራውን ረሳሁት።"

ሰብሳቢው መጀመሪያ በአፍንጫቸው ነበር የሳቁት፤ ቀጥሎ ሻርፑ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ኦዲተሯም ሳቀች፤ አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

"የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ይጠሩልኝ" አሉ ሰብሳቢው ዓይናቸውን እየጠረጉ። "የደንቡን ቃል በትክክል የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ናቸው።"

"እኔስ?" አለች አክስቴ። "ካዩኝ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ።"

ከብረት ቁም ሣጥኑ ጀርባ አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት አለ፤ ወፍራም ሰው ግን አያስቆምም፤ አክስቴ እንደ ምንም ተጣብቃ ገባች።

ጋሼ አልቀበልም ገብተው ቆሙ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ደንቡ መዝገብ መቼ ይዘጋል ነው የሚለው?"

"'ሰጪው ለኮሚቴው ሲታወቅ።'" ከቃላቸው ነው የሚናገሩት፤ ዓይናቸው ወደ ጣሪያው።

"ለኮሚቴው ብቻ?"

"ለኮሚቴው።"

"ቃለ ጉባኤው ላይ ስሙ ይጻፍ ይላል?"

አሰቡ። በአእምሯቸው መደርደሪያውን ሲስቡ ይታያል። "'ይታወቅ' ይላል እንጂ 'ይጻፍ' አይልም።"

"እንግዲያው ለኮሚቴው ታውቋል። ጉቦም አይደለም።"

ያን ጊዜ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አቧራው ያመጣው ማስነጠስ ተሰማ። አንድ፣ ከባድ፣ የማያጠራጥር ማስነጠስ።

ጋሼ አልቀበልም ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። "ይማርዎት" አሉ።

"ያኑርዎት" አሉ ያላነጠሱት ሰብሳቢ።

የጋሼ አልቀበልም ዓይን ጠረጴዛው ላይ ካለው የመነጽር ቤት አረፈ። ጆሮዋን አዩ። ሠላሳ አራት ዓመት አክስቴ በምትሠራበት መደብር መስኮት ፊት ለፊት ያለፉ ሰው ናቸው። ቁም ሣጥኑን ግን አላዩም፤ አንገታቸው እዚያ እንዳይዞር በኃይል ሲይዙት እኔ አየሁ። ከዚያ ጓንቶቹን ተመለከቱ።

"ሁለቱም የቀኝ ናቸው" አለቻቸው ኦዲተሯ፣ ይቅርታ በመጠየቅ ድምፅ።

አንዱን አንስተው በቀኛቸው አጠለቁ። ጣቶቻቸውን ዘረጉ፣ አጠፉ። ሌላውን በግራቸው አስገቡት፤ አውራ ጣቱ ወደ ውጭ ሄደ። ቢሆንም አላወለቁትም።

"ይቀበላሉ ወይስ አይቀበሉም?" አሉ ሰብሳቢው። "መጻፍ ስላለበት ነው።"

"የት ነው የምፈርመው?" አሉ።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝና እንዲህ ይላል፦ "ሰጪው ለኮሚቴው ታውቋል። ተቀባዩ ቀኝ እጅ ሁለት ተቀብሏል። መዝገቡ ተዘግቷል።" ኦዲተሯ ሰረዝ እንኳ አላስጨመረችኝም።

ዓርብ ጡረታ ወጡ። ደብዳቤው ተሰጣቸው፤ ከምስማሩ ላይ ተሰቅሏል አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አክስቴን ላግዛት ብዬ መደብሩ ሄድኩ፤ ማገዜ ወረቀት ማቀበል ነው። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ጥቅል ተቀምጧል። ጥቅል ማለቴ ለክብሩ ነው። ቡናማ የመዝገብ ክላሴር ተቆርጦ የተጠቀለለ፣ በመዝገብ ሲባጎ የታሰረ፣ አሥራ አንድ ቦታ ላይ ፕላስተር የተለጠፈበት። ካርዱ ላይ፣ ከላይ በስተቀኝ፣ ቁጥርና ቀን አለ። ከሥሩ ቀጥ ባለ የመዝገብ ቤት ጽሕፈት "እጅ መንሻ። ለግራ።" ይላል።

"ማን አስቀመጠው?" አልኳት።

"እኔ ምኑን አውቄ። ወረቀት ላመጣ ወደ ኋላ ዞር አልኩ፣ ስመለስ አለ።"

"ቁጥር አለበት እኮ። ይኸን ጽሕፈት ደግሞ እኔ…"

"አንቺ ኮሚቴ ነሽ፤ አንቺ እወቂ" አለችኝ። "እኔ ተቀባይ ነኝ።"

ፕላስተሩን አንድ በአንድ፣ በጥፍሯ ጫፍ፣ ወረቀቱን ሳትቀድ ማላቀቅ ጀመረች። ስለ ቁስል አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ከውስጡ ግራጫ የሱፍ ክር ወጣ፤ አንድ ድብልብል፣ ለአንድ እጅ የሚበቃ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ቀኝ እጅ አጥልቀው፣ ዣንጥላ የሚመርጡ መስለው ቆመዋል። አክስቴ ክሩን ወደ ጉንጯ ስታስጠጋው አዩና ቶሎ መራመድ ጀመሩ። ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ በቀኝ ነው። መስቀለኛው ላይ ሲደርሱ በግራ ታጠፉ።